የአባ ጎርጎርዮስን መንገድ በግልባጭ

ሮም የገባሁት እኩለ ሌሊት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወደ ማደሪያዬ በሚወስደኝ የከተማ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እኔ የቦርሳዬን ማንገቻ እጄ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሜ ተቀምጫለሁ። ሮም ስትሄጂ ቦርሳሽን ጠብቂ ያላለኝ ሰው የለማ። ከድምፅ ማጉያው አንዲት ሴት በጣልያንኛ የሆነ ነገር ተናገረች። ምንም አልገባኝም። አንዲት ቃል ብቻ ጆሮዬ ላይ ቀረች። ፌርማታ።

ሳላስበው ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝና ቦርሳውን ወደ ራሱ ጠጋ አደረገ።

የምማረው ጀርመን አገር ነው፣ ኤርፈርት የምትባል ከተማ። እዚያ የአውቶቡስ ፌርማታ ሃልቴሽቴለ ይባላል። ይህን ቃል አፌ ውስጥ አስተካክዬ ለማስቀመጥ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል ለቃል እየተጋደልኩ ከኖርኩ በኋላ፣ ምንም በማላውቀው አገር፣ በሌሊት፣ አንዲት የማላያት ሴት በደሴ አማርኛ አናገረችኝ።

በማግስቱ ነው ነገሩ የባሰው። ማደሪያዬ አጠገብ የብረታ ብረት ሱቅ አለ። መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ዋጋ ሳነብ ካቻቪቴ ይላል። ፒንሳ ይላል። ቡሎን ይላል። አባቴ መካኒክ ነው። ያደግኩት ጋራዥ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ጎሚስታው፣ ላሜሪስታው፣ ካምቢዮው፣ ቴስታታው፣ ይህ ሁሉ የልጅነቴ ቋንቋ ነው። መስኮቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሮም ነኝ አባዬ። የዕቃ መሸጫ ነው። ካቻቪቴ ብለው እንደጻፉ አየህ?»

«ካቻቪቴ ጣልያንኛ ነው እንዴ?» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ። «እኔ አማርኛ ይመስለኝ ነበር።»

ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ካቻቪቴው ግን ቀረ። ማኪያቶውም ቀርቷል፣ እሱ እንኳ በእኛ እጅ ከገባ በኋላ ተሻሽሏል ባይ ነኝ። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ፣ የአገሬውን ሰው መስዬ፣ «ማኪያቶ» ብዬ አዘዝኩ። የመጣልኝ በእንቁላል ቅርፊት መጠን ሲኒ ውስጥ ያለች ጥቁር ቡና ናት፤ ወተት ጠብ ተደርጎባታል። ደሴ ፒያሳ ላይ እንዲህ ያለ ማኪያቶ ቢቀርብ አስተናጋጁ «ቀሪውስ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ቃል የሄደው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። አንዲት ጣልያናዊት የክፍል ጓደኛ አለችኝ። ክፍሏ ሲዝረከረክ፣ ዕቃው ሁሉ ሲመሰቃቀል «አምባራዳን» ትላለች። አንድ ቀን ከየት የመጣ ቃል ነው ብዬ ጠየቅኋት። እንጃ፣ እንዲሁ የሚባል ነው አለችኝ። ቃሉ የመጣው ከአምባ አራዳም ነው። በ1936 ጣልያን የራስ ሙሉጌታን ጦር የመታበት፣ የመርዝ ጋዝ የዘነበበት ተራራ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ካልሆነ እናገራለሁ።) ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ በኋላ እኔ ባለሁበት ያንን ቃል ተናግራ አታውቅም። እኔ ደግሞ የነገርኳትን ነገር ትንሽ ጸጽቶኛል። ቃሉ ሲያምርባት ነበር።

እንግዲህ ሮም ለምን እንደሄድኩ ልናገር። እውነቱን ለመናገር ሽሽት ነው።

ኤርፈርት ውስጥ ከትምህርቴ ጎን ትንሽ ሥራ አለችኝ። ለአንዲት ተመራማሪ በአማርኛ የተቀዱ ቃለ መጠይቆችን እያዳመጥኩ ወደ ወረቀት እገለብጣለሁ፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። የሚከፈለኝ በሰዓት ነው። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ግን ጥያቄዋ አያልቅም። ይህ ቃል ምን ማለት ነው? ያኛውስ? ሁሌም መጨረሻ ላይ «ከተቻለ በአንድ ቃል» የምትል ነገር አለች። ባለፈው ዓመት አንድ ጽሑፍ አሳተመች። ገልብጬ ሳየው፣ ግማሹ እኔ ስልክ ጆሮዬ ላይ ደግኜ ሌሊት የለቀምኩት ነው። ከታች በደቃቁ «ለትርጉም እገዛ ምስጋና» ይላል። ስሜ ተሳስቶ ተጽፏል።

ከጉዞዬ ሦስት ቀን በፊት አዲስ ኢሜይል መጣ። ቃለ መጠይቁ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በደርግ ጊዜ ስለጠፋ ወንድማቸው ይጠየቃሉ። ረጅም ዝምታ አለ። ከዚያ «ሆድ ይፍጀው» ይላሉ። ያችው ናት መልሳቸው። ተመራማሪዋ፦ ይህ ምን ማለት ነው? ከተቻለ በአንድ ቃል።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት ፈለግኩ። ከበርሊን ሮም፣ አራት ቀን። ቲኬቱ ርካሽ ነበር፤ በር ላይ ግን ቦርሳሽ ሁለት ሳንቲሜትር ይበልጣል ብለው ከቲኬቱ እኩል አስከፈሉኝ። ሁለት ሹራብና አንድ ካፖርት ደርቤ በሐምሌ የተጓዝኩት እንዲያው በከንቱ ነው።

ሮምን የመረጥኩት ግን በዋጋው ብቻ አልነበረም። ኤርፈርት የኢዮብ ሉዶልፍ የትውልድ ከተማ ናት። ፈረንጆቹ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ይሉታል። በ1624 ነው የተወለደው። ልጅ ሆኖ፣ አንድም ኢትዮጵያዊ በዓይኑ ሳያይ፣ ግዕዝን ከመጽሐፍ ተማረ። በ1649 ለሌላ ጉዳይ ሮም ተላከ፤ የጠፉ የስዊድን ሰነዶችን እንዲፈልግ። ሰነዶቹን አላገኘም። ቫቲካን አጠገብ የሚኖሩ ሐበሾችን ግን አገኘ። ከመካከላቸው አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ይባላል።

አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ነው፣ ዛሬ ወሎ ከምንለው ምድር። የእኔ አገር ሰው ማለት ነው። አፄ ፋሲል ጀሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ የእነሱን ሃይማኖት ተቀብሎ ስለነበር እሱም ተሰደደ። ሲንከራተት ኖሮ ሮም ደረሰ። ሉዶልፍ ሲያገኘው የሚግባቡበት ቋንቋ ግዕዝ ሆነ። እስቲ አስቡት፤ አንድ የሃያ አምስት ዓመት ጀርመናዊና አንድ ስደተኛ የወሎ ቄስ ሮም ላይ ተቀምጠው በግዕዝ ሲነጋገሩ። ከዚያ ጎርጎርዮስ አማርኛ አስተማረው። በ1652 ደግሞ የጎታው መስፍን ኧርነስት ጋብዞት የአልፕስን ተራሮች ተሻግሮ ጀርመን ሄደ። መስፍኑ ስለ አገሩ፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ሃይማኖቱ ይጠይቀዋል፤ ሉዶልፍ ያስተረጉማል፤ የተባለው ሁሉ ይጻፋል።

ጎታ ከኤርፈርት በባቡር ሃያ ደቂቃ ገደማ ናት። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ፍሪደንሽታይን የሚባለው ቤተ መንግሥት ጓሮ ቆሜ፣ ይህ ሰው በዚህ ብርድ ምን ለብሶ ይሆን ብዬ አስቤአለሁ። ሉዶልፍ ኋላ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ፤ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት። በአውሮፓ የታተመ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው መሆኑ ነው። ብዙውን ያገኘው ከጎርጎርዮስ አፍ ነው። ሉዶልፍን አልወቅሰውም። ውለታውን አልካደም፤ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ የጎርጎርዮስን ሥዕል ሳይቀር አስገብቷል። (ስሙንም አልተሳሳተም።) ጎርጎርዮስ ግን መጽሐፎቹን አላያቸውም። በ1658 ወደ አገሩ ሊመለስ ሲጓዝ መርከቡ ሶርያ ዳርቻ ላይ ሰጥማ ሞተ።

እሱ ከሮም ተነሥቶ ወደ እኛ ሰፈር መጣ። እኔ የእሱን መንገድ በግልባጭ ልሂድ አልኩ። የእሱ የወራት ጉዞ ለእኔ ሁለት ሰዓት ከሹራብ ጋር ነው።

ኮሎሲየምን አየሁት። ትልቅ ነው። ሰልፉም ትልቅ ነው። ከውጭ ዞሬው ሄድኩ። ፓንቴዮን ይሻላል። ከሺህ ስምንት መቶ ዓመት በላይ ሳይወድቅ የቆመ ጉልላት ነው፣ አናቱ ላይ ክፍት ቀዳዳ ያለው። ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይዘንባል፤ ወለሉ ላይ ውኃ መውረጃ ተበጅቶለታል። የሮም ነገር ለተማሪ አንድ ደግነት አለው፣ ውኃ አይገዛም። በየመንገዱ ዳር ቀዝቃዛ የምንጭ ውኃ ቀንና ሌሊት ይፈሳል። ጠርሙስ መያዝ ነው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ፖርታ ካፔና ሄድኩ። የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበት ቦታ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስታውስ። ሚያዝያ 1997፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ልጅ ነበርኩ። ከጋራዡ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ነበረው። ግዙፉ አንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ሲያርፍ ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ተሰብስቧል። ሴቶች እልል ይላሉ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እያለቀሱ ነው። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሩ ላይ ቆሞ አየና፦ «አሁን እንዴት አድርገው ነው ሦስቱን መልሰው የሚያጋጥሙት? ምን ዓይነት ቡሎን ቢያስሩለት ነው?» አለ። ሁሉም በቁጣ ዞሮ አየው።

ጥያቄው ግን ልክ ነበር። ሐውልቱ ከ150 ቶን በላይ፣ ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ ነው። ድሮውንም አክሱም ላይ ወድቆ ተሰባብሮ ነበር። ጣልያኖች በ1937 ቁርጥራጩን አጓጉዘው በብረት አጋጥመው ሮም ላይ ተከሉት፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ፊት ለፊት። በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፉትን በ18 ወር ውስጥ ሊመልሱ ፈረሙ። አሥራ ስምንቱ ወር ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆነ። በ2002 መብረቅ ጫፉን መታው፤ እኔ የማውቃቸው አሮጊት ሁሉ ይህን መብረቅ በስም የላከውን ያውቃሉ። በ2003 ፈታቱት፣ በ2005 መጣ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ።

ቦታው ስደርስ መኪና የሚተራመስበት መንገድ ነው። ነጩ ትልቅ ሕንፃ አለ። ያ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ከአገሬ ጋር ያለውን ነገር ያላቋረጠ ሕንፃ ነው ማለት ነው። ሐውልቱ የነበረበት አካባቢ ሁለት አነስ ያሉ ጥንታዊ አምዶች ቆመዋል። ኒው ዮርክ ላይ በ2001 መስከረም ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ በ2009 የተተከሉ ናቸው። የእኛ 1994 መስከረም 1 መሆኑ ነው። እንቁጣጣሽ።

እዚያ ስቆም ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ባዶ ቦታ ለማየት የመጣ ሰው ምን ሊሰማው እንደሚገባ እንጃ። የጥርስ ሐኪም ቤት ወጥቶ በምላሱ ክፍተቱን እንደሚነካ ሰው ነበርኩ፤ ግን ጥርሱ የእኔ ሳይሆን የእነሱ ሆኖ። ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ላክሁ። «የታለ?» አለኝ። «የለም፣ እሱ ነው ነገሩ» አልኩት። «ታዲያ ምኑን ነው ያነሣሽው?» አለ።

ባዶው ካልተናገረኝ፣ የቆመው ይናገረኛል ብዬ ወደ ተርሚኒ ተመለስኩ። ሮም የገባ ሰው ሁሉ የሚረግጠው የባቡር ጣቢያው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቸንቶ ይባላል። የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣልያን ወታደሮች። እኔም በመጀመሪያው ሌሊት ቦርሳዬን አንቄ በላዩ ሳልፍበት አላወቅኩም። በትምህርት ቤት የተማርነው ድል እዚህ አገር ሐዘን ሆኖ የከተማ በር ላይ ተለጥፏል።

መታሰቢያቸው ከጣቢያው ወረድ ብሎ ዛፍ ሥር ነው። ስማቸው ተዘርዝሮ ተቀርጿል። ከላያቸው ላይ የቆመው ግን የግብፁ የራምሴስ ሐውልት ነው። እዚያው ሮም መሬት ውስጥ ተቆፍሮ የተገኘ። በአሉላ ሰዎች ለሞቱ የጣልያን ልጆች የፈርዖን ድንጋይ! የሮም ሰዎች የራሳቸው ድንጋይ አልቆባቸው ነው መቼስ። በ1937 ደግሞ ከአዲስ አበባ የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ እዚሁ ሥር አስቀመጡት። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘው ይህን አይቶ ነው፣ በሰኔ 1938።

በልጅነታችን የሰማነው ታሪክ እዚያው ተዋግቶ እዚያው ሲወድቅ ነው። የሆነው ግን እንደዚያ አይደለም። ያዙትና አብዷል ብለው ሲሲሊ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ከተቱት። ሰባት ዓመት ኖረ። በ1945፣ ጣልያን ተሸንፋ፣ ኢትዮጵያ ነፃ ወጥታ አራት ዓመት ካለፋት በኋላ፣ እዚያው ሞተ። እኔ ይህኛው ታሪክ ነው የከበደኝ። አንበሳው አገሩ ሲመለስ ሰውዬው አልተመለሰም።

ርቦኝ ነበር። ተርሚኒ አካባቢ ደግሞ የበርበሬ ሽታን ተከትሎ መሄድ ነው።

የገባሁበት ቤት ስድስት ጠረጴዛ ያለው፣ ግድግዳው ላይ የአስመራ ፎቶ የተሰቀለበት ነው። ባለቤቷ ነጠላ የለበሱ ትልቅ ሴት ናቸው። በትግርኛ ሰላም አሉኝ። በአማርኛ መለስኩ። አማርኛቸው ከእኔ ይበልጥ የጠራ ነው፣ የጃንሆይ ጊዜ ትምህርት ቤት አማርኛ።

«ብቻሽን ነሽ ጓለይ?»

«አዎ እማማ። ለጉብኝት ነው።»

«ብቻውን የሚበላ ሰው አልወድም» አሉና ሽሮዬን ይዘው መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አንድ ጉርሻ አጎረሱኝ። ሁለተኛውን ስከለክል «አንድ ያጣላል» አሉ። ሮም የመጡት በሰባዎቹ ነው። ያን ጊዜ ብዙ የአስመራም የአዲስ አበባም ሴቶች በቤት ሠራተኝነት እዚህ መጥተዋል። ሀብታም ቤት ገቡ፣ ልጅ አሳደጉ፣ ሽማግሌ ጦሩ። ያሳደጓቸው የጣልያን ልጆች አሁን ሰው ሆነው እሑድ እሑድ ዝግኒ ሊበሉ ይመጣሉ። ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነው።

«የራስዎ ልጆችስ?» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። እንጀራውን ጠርዙን ይዘው አስተካከሉ፣ ምንም ሳይጎድለው።

«ተይው» አሉ። «ሆድ ይፍጀው።»

ከዚያ ተነሥተው ቡና ሊያፈሉ ሄዱ። ሒሳብ ስጠይቅ የሽሮውን ብቻ ተቀበሉኝ። ተማሪ ነሽ አሉ። ሰይፉን የመዘዘው ልጅ ቦታ እንደሄድኩ ስነግራቸው «የእኛ ልጅ እኮ ነው» አሉ። እኛም የእኛ እንላለን አልኩ። «በሉ፣ ለሁላችንም ይበቃል» አሉኝና በሩ ድረስ ሸኙኝ።

ሦስተኛው ቀን የጎርጎርዮስ ቀን ነበር።

ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተኋላ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1479 ጳጳሱ ሲክስቶስ 4ኛ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የሰጡት ነው። ከኢየሩሳሌም በእግርና በመርከብ የመጡ የእኛ ሰዎች እዚያ አርፈዋል፣ ጸልየዋል፣ ሞተዋል። ከጀርመን ኮሎኝ የመጣው ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባል መነኩሴ ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በዓለም ላይ በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ማሳተም ጀመረ። ያን ጊዜ አገር ቤት ማተሚያ ማሽን የሚባል የለም፤ ለረጅም ዘመንም አልነበረም። ፊደላችን እርሳስ ሆኖ የተቀረጸው ሮም ነው፣ በስደተኞች እጅ። ይህን ታሪክ ለምን የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ላይ እንዳላገኘሁት አላውቅም። አክሱምን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ተስፋ ጽዮን ያልኩት ጓደኛዬ ሁሉ ግን «የቱ ተስፋ ጽዮን?» ነው የሚለኝ።

ከባዚሊካው በስተግራ በር አለ። የስዊስ ጠባቂዎች ቆመውበታል፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ሸንተረር ልብስ ለብሰው። አረንጓዴው በሰማያዊ ተተካ እንጂ የእኛ ነበር። አንዱን ወጣት ጠጋ ብዬ በእንግሊዝኛ ቅዱስ እስጢፋኖስን ማየት እንደምፈልግ ነገርኩት። በትሕትና መለሰልኝ። ሰው እንደልቡ የሚገባበት አይደለም፣ አስቀድሞ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ነገርኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ቤቱ የአያቴ ይመስል። ልጁ ፈገግ ብሎ አንገቱን ነቀነቀ፤ መንገዱ ግን አልተከፈተም።

ቆሜ ሳስብ ከአናቱ ልየው አልኩ። የባዚሊካው ጉልላት ላይ መውጣት ይቻላል። 551 ደረጃ ነው። ሊፍቱ ግማሹን መንገድ ይወስዳል፣ ግን ተጨማሪ ገንዘብ ነው፤ ቦርሳዬ ደግሞ ሁለት ሳንቲሜትር በልጦ የሊፍቴን ገንዘብ በልቶብኛል። በእግሬ ወጣሁ። መጨረሻው ላይ ግድግዳው የጉልላቱን ቅርጽ ተከትሎ ወደ ውስጥ ይጋደላል። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ነው የሚወጣው፤ የአንገት ሕመም ያለባቸው ምእመናን ሰልፍ ይመስላል።

ላይ ስደርስ ሁሉም ሰው በአንድ በኩል ተሰብስቧል፣ አደባባዩና ከተማው በሚታይበት። እኔ በጀርባ በኩል ዞርኩ። ከታች አትክልቱ፣ ዛፉ፣ የተከረከመው ሣር አለ። ራቅ ብሎ በአትክልቱ ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ የሚባለው ሕንፃ ይታያል፣ የካቶሊክ ካህናት የሚማሩበት። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ከባዚሊካው እግር ሥር ነው። ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ፣ አንዴ ወደ ካርታው አንዴ ወደ ታች እያየሁ ፈለግኩት። ትንሽ፣ ቡናማ ክዳን። ከዚያ ግዙፍ ነገር ሥር ተለጥፎ ሲታይ የዘበኛ ቤት ይመስላል።

እዚያ ነው እንግዲህ። ሉዶልፍ በ1649 ያን በር አንኳኩቶ ገባ። ቆሜ ሳስበው የመጀመሪያ ቀናቸው ታየኝ። ወጣቱ ወረቀትና ቀለሙን አዘጋጅቷል። ይህ ምን ይባላል? ያስ? ጎርጎርዮስ ይመልሳል። «ልብ» ምንድነው? «ሆድ» ምንድነው? ቀላል ይመስላል፣ አካልን መጠቆም ብቻ። ቀጥሎ ግን ሆደ ሰፊ ይመጣል። ሆዴ ባባ። ሆደ ቡቡ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው። አይ አባ ጎርጎርዮስ! በምን ትዕግሥት አስረዳህ?

ከዚያ በፊት ስለ እሱ ሳስብ የሚታየኝ የሚጠየቅ ሰው ነበር። ተቀምጦ የሚጠየቅ፣ የሚጻፍበት። እዚያ ላይ ሆኜ ሳየው ግን ቤቱ የእሱ ነው። ቀጠሮ የሰጠው እሱ ነው። ፈረንጁ ነው ደጅ የጠናው። መንገድ ሲዘጋብኝ የዋለ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል እንዲህ የታየኝ፤ ብቻ ስወርድ እግሬ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ዝናብ ነበር። የሠራሁት ነገር ቢኖር ቤት ውስጥ ተቀምጬ ፓስታ መብላት ነው። ሹራቦቹ ያን ቀን ጠቀሙኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ኤርፈርት ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ኢሜይሏ አለ። ከሥሩ ሌላ ጨምራለች፦ አስቸኳይ አይደለም፣ ግን ጽሑፉን ሐሙስ ማስገባት አለብኝ።

ጻፍኩላት። ሆድ በአማርኛ ምግብ የሚገባበት ብቻ እንዳልሆነ ጻፍኩ። ምሥጢር የሚቀመጥበት፣ ቂም የሚያድርበት፣ እንባ ሳይወጣ የሚፈስበት መሆኑን። ይፍጀው ማለት ያቃጥለው፣ ይጨርሰው መሆኑን። ሽማግሌው «አላውቅም» እንዳላሉ ጻፍኩ። «መናገር አልፈልግም» ማለትም ብቻ አይደለም። ብናገረው አንቺን ያቃጥልሻል፣ ስለዚህ እኔው ይዤው ልቃጠል እያሉሽ ነው አልኳት። እንጀራ ጠርዙን ስለሚያስተካክሉ እናት ግን አልጻፍኩም። ያ የእሷ ጥናት አይደለም። መጨረሻ ላይ ቃሉን በአማርኛው እንዳለ እንድትተወውና ከዝምታው ርዝመት ጋር እንድታስገባው መከርኳት፤ ሰባት ሰከንድ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።

ከሥሩ ስሜ በትክክል እንዴት እንደሚጻፍ አስገባሁ፣ ከነአባቴ ስም።

ከዚያ የወሩን የሥራ ሰዓት መሙያ ቅጽ አወጣሁ። ሰዓት በሚለው ላይ አራት ብዬ ሞላሁ። የተሠራው ሥራ በሚለው ሳጥን ውስጥ፦ ሁለት ቃል መተርጎም።